ሶሻሊዝም ወይስ ካፒታሊዝም? መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰው አንዳንዴ ቆየት ብሎ ነው። መልሴ ከዘገየ በዚያ ይታሰብልኝ።

በቅርቡ ሁለት ጸሐፊዎች ስለ ጥንት ክርስቲያኖች ኑሮ በገጻችሁ ላይ ተከራክረዋል። የመጀመሪያው የሐዋርያት ሥራን ጠቅሶ የዓለም የመጀመሪያዎቹ ሶሻሊስቶች እነሱ ናቸው አለ። ሁለተኛው ጌታ ለባሪያዎቹ እንዲነግዱበት ገንዘብ ሰጥቶ የሄደበትን የመክሊቱን ምሳሌ ይዞ ተነሳ። ክርስትና ከጥንቱም ካፒታልን የሚባርክ፣ ነጋዴን የሚያበረታታ ሃይማኖት ነው ብሎ መለሰ። የሁለቱም ብዕር ስል ነው። ግን ሁለቱም ሒሳቡን ሳያዩ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል።

እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። የኢኮኖሚክስ ምሁርም አይደለሁም። ያረጀሁት እዚሁ ጅማ የቡና ነጋዴ መዝገብ ስይዝ ነው። ፈረሱላ፣ ጀንፈል፣ ቀይ እሸት፣ ቅድመ ክፍያ፣ ዱቤ፤ የማውቀው ይሄንን ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ አነባለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው «ሀብታቸው ሁሉ የጋራ ነበር» ሲለኝ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሣጥኑ ማን ጋ ነበር?

የሐዋርያት ሥራ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ምዕራፍ 2 እና 4ን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። መሬትና ቤት ያላቸው እየሸጡ ገንዘቡን ሐዋርያት እግር ሥር ያኖሩ ነበር። ለእያንዳንዱም እንደ ችግሩ ይከፋፈል ነበር። የቆጵሮስ ተወላጁ በርናባስ እርሻውን ሸጦ አመጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘጋው። አንድ ገጽ ቢገልጥ ሐናንያንና ሰጲራን ያገኝ ነበር። ጴጥሮስ ሐናንያን ምን አለው? ሳትሸጠው ያንተ አልነበረም ወይ? ከሸጥከውስ በኋላ ገንዘቡ በእጅህ አልነበረም ወይ? ሽጥ ብሎ ያስገደደው የለም ማለት ነው። ጥፋቱ መሬት መያዙ አይደለም። ከፊሉን አስቀርቶ ሁሉንም ያመጣ ማስመሰሉ ነው። በእኔ ሙያ ይሄ የታወቀ ወንጀል ነው።

አሁንም ወደፊት እንሂድ። ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ ከእስር ቤት ሲወጣ ወዴት ሄደ? ወደ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት። ቤቱ ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚጸልይበት ነው። ደጃፍ አለው። በር ሲንኳኳ የምትወጣ ሮዴ የምትባል ገረድም አለች። ሁሉም ቤቱን ሸጦ ቢሆን ኖሮ ይህ የማን ቤት ነው? የኢየሩሳሌም ማኅበር ንብረት አልወረሰም። ችግር ሲመጣ፣ ያለው ከኪሱ እያወጣ የሚሞላው የጋራ ሣጥን ነበረው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሶሻሊዝም አይባልም።

ከሁሉ የምወደው ምዕራፍ 6ን ነው። በየቀኑ ምግብ ሲከፋፈል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ። ጉርምርምታ ተነሣ። እድር ወይ ሰንበቴ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ጉርምርምታ ያውቀዋል። «የእነ እገሌ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ቶሎ ይተከላል፣ የእኛ ሲሆን ይዘገያል» የሚለው ዓይነት ነው። ሐዋርያት ስለ ሀብት ባለቤትነት ትምህርት አልሰጡም። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ አስመረጡ። ስማቸውን ልብ በሉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ናቸው። ሣጥኑ የተሰጠው ተበደልን ላሉት ወገኖች ይመስላል። እንዲህ ያለ ብልህ ውሳኔ በስንት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጬ አላየሁም።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ውይይት ክበብ ግዴታ ነበር። አንድ ካድሬ «የማይሠራ አይብላ» የሚለውን የሌኒን ቃል ነው ብሎ ያስተምረን ነበር። እውነቱን ለመናገር ሌኒንም ብሎታል። በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣው የሶቪየት ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 12 ላይ አስፍሮታል። አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይሄማ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ነው» አሉ። ካድሬው ደነገጠ። የዚያን ቀን ስብሰባ እንደ ወትሮው አልረዘመም።

ያ ካድሬ ግን ከባዶ አልተነሣም። ጀርመናዊው ሶሻሊስት ካርል ካውትስኪ በ1908 እ.ኤ.አ. የክርስትናን አመጣጥ የጻፈው የድሆች ንቅናቄ አድርጎ ነው። እሱም ቢሆን ጋዜጣችሁ ላይ ከጻፈው ሰው ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። እነዚያ ሰዎች የተካፈሉት ፍጆታን እንጂ ምርትን እንዳልሆነ ያውቃል። እንጀራውን ተካፈሉ፤ ማረሻውን በጋራ አልያዙም። እርሻ ተሸጦ ገንዘቡ ከተበላ ደግሞ የከርሞው ምርት ከየት ይመጣል? የኢየሩሳሌም ማኅበር ኋላ የድህነት ድርጎ ፈላጊ የሆነበትን ምክንያት ከዚህ ጋር የሚያያይዙ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ረሀብም ነበር። በንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ዘመን ይሁዳ ተርቧል። የአዲያቤኗ ንግሥት ሄለና ከግብፅ እህል፣ ከቆጵሮስ ደግሞ በለስ አስገዝታ ለኢየሩሳሌም እንዳደለች አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ጽፏል።

ጳውሎስ ገንዘብ የሰበሰበው ለእነዚህ ድሆች ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሒሳብ ሰው ነኝና። አንደኛ ቆሮንቶስ 16ን ተመልከቱ። በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው ያስቀምጥ ይላል። እኔ ስመጣ መዋጮ እንዳይጀመር ይላል። ገንዘቡን የሚያደርሱትን እናንተ ምረጡ፤ እኔ ደብዳቤ ጽፌ እልካቸዋለሁ ይላል። ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ደግሞ ምክንያቱን ይነግራል። በዚህ ትልቅ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካሙን እናስባለን። መደበኛ ቁጠባ፣ በሕዝብ የተመረጠ መልእክተኛ፣ በጽሑፍ የተደገፈ ርክክብ። የዛሬ ኦዲተር ከዚህ የተለየ ምን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጸሐፊ ልሂድ። እሱ መክሊትን ዛሬ ባንክ ተኬዶ የሚወሰድ የንግድ ብድር አስመስሎታል። መክሊት ስንት ነው? 6,000 ዲናር ያህል። ዲናር ስንት ነው? በዚያው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ አንድ መክሊት የ20 ዓመት ደመወዝ ነው። አምስት መክሊት የተቀበለው ባሪያ የአንድን ሠራተኛ የ100 ዓመት ልፋት በእጁ ያዘ ማለት ነው። ይህ ጌታ የመንደር ነጋዴ አይደለም። በጣም ትልቅ ባለሀብት ነው። ሦስተኛው ባሪያም ፊት ለፊት ያልዘራህበትን የምታጭድ ጨካኝ ሰው ነህ ይለዋል። መሬቱን ለባለዕዳ ሊያስረክብ የደረሰ የገሊላ ገበሬ ይህን ሲሰማ ልቡ ለማን የሚያደላ ይመስላችኋል? የቤተ ክርስቲያን መምህራን መክሊቱን የጸጋ ስጦታ ብለው ይተረጉሙታል። እኔም በዚያ አምናለሁ። እዚህ የምናገረው ምሳሌው ስለተሠራበት ገንዘብ ነው።

ደግሞስ የመክሊቱ ምሳሌ ያለበት ምዕራፍ 25 ካፒታሊዝም ከሆነ ምዕራፍ 20 ምን ሊባል ነው? የወይን እርሻው ጌታ ጠዋት ሰው ቀጠረ። በሦስት ሰዓት ጨመረ። በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ቀጠረ። (የሰዓት አቆጣጠሩ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።) ለሁሉም እኩል አንድ ዲናር ከፈለ። እኛ ጋ ቡና ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ የሙሉ ቀን የሚከፈለው ቢኖር ኖሮ ሰዉ ሚዛኑን ይሰብረው ነበር። እኔም መዝገብ ያዡ ከእነሱ ጋር እጮህ ነበር። የምሳሌው ቁም ነገር ግን አንድ ዲናር የቀን ጉርስ መሆኑ ላይ ነው። የሚቀጥረው አጥቶ አደባባይ ቆሞ የዋለ ሰው ቤትም ልጆች አሉ።

ዲናር ምን ይገዛ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ቦታም አለ። የዮሐንስ ራእይ 6 ላይ ጥቁሩ ፈረስ ሲወጣ «አንድ እርቦ ስንዴ በዲናር፣ ሦስት እርቦ ገብስም በዲናር» የሚል ድምፅ ይሰማል። መስፈሪያው አንድ ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ቀለብ የሚሆን ነው። የቀን ደመወዝ ራስን ብቻ አበላ፤ ሚስትና ልጅ ጾም አደሩ። ዘይቱና ወይኑ ግን እንዳይነካ ታዘዘ። የኑሮ ውድነትን በሁለት መስመር ከዚህ የተሻለ የጻፈ ኢኮኖሚስት አላነበብኩም።

አሁን ወደ ታሪክ ምሁራኑ ጭቅጭቅ እንግባ። ሁለቱ ጸሐፊዎች ጭራሽ ሳይነኩት ያለፉት እሱን ነው። በጥንት ዘመን ዛሬ «ገበያ» የምንለው ነገር ነበር ወይስ አልነበረም? ካርል ቢውኸር በ1893 እ.ኤ.አ. የጥንቱ ኢኮኖሚ የቤተሰብ ኢኮኖሚ ነው፤ ቤቱ የሚያመርተውን ራሱ ይበላ ነበር አለ። ኤድዋርድ ማየር በ1895 እ.ኤ.አ. ተቃወመው። የጥንቱ ዓለም ፋብሪካም፣ ንግድም፣ ውድድርም የነበረው ዘመናዊ ነው አለ። ከሩሲያ የተሰደደው ሮስቶፍትሴፍ በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ ሥራው ወደ ማየር አደላ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሞሰስ ፊንሊ መጣና ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን ደፋው። የጥንት ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለክብሩና ለማዕረጉ ነው፤ የተያያዘ ገበያ የሚባል ነገር አልነበረም አለ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ኢኮኖሚስቱ ፒተር ቴሚን ተነሣ። ሮም የገበያ ኢኮኖሚ ነበራት፤ የስንዴ ዋጋ ከሮም በራቁ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱ ገበያዎቹ የተያያዙ እንደነበሩ ያሳያል አለ። ማስረጃው በጣት የሚቆጠሩ ዋጋዎች ናቸው። ዛሬ ደግሞ ብር ሲቀልጥ ወደ አየር ወጥቶ የግሪንላንድ በረዶ ውስጥ የተቀበረውን የእርሳስ (ሊድ) ማዕድን ብናኝ እየለኩ ሮም ምን ያህል ብር ታቀልጥ እንደነበር የሚገምቱ አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እነዚህ ሁሉ ሊቃውንት ያልተስማሙበትን የእኛ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጥቅስ ሊዘጉት ፈለጉ።

ጅማ ተቀምጦ ይህን ክርክር ማንበብ ጥሩ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እዚሁ ጅማ የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስመ ጥር ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ ጨርቅ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። የሚከፈለው በማርያ ትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ በትግራይ፣ በጎጃም እያለፈ ግቤን ተሻግሮ ይመጣል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር በአንድ ብር የሚመነዘረው የአሞሌ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ የቴሚን ዘዴ ይሄው ነው። እዚያ ስንዴው ወደ ሮም ሲቀርብ ይወደዳል፤ እዚህ ጨው ከአፋር ሲርቅ ይወደዳል። በዚህ ስሌት አፋርና ጅማ አንድ ገበያ ነበሩ ልንል ነው።

ፊንሊ ቢሰማ ይስቅ ነበር። እሺ፣ አሞሌው ይዘዋወራል። ግን እዚሁ አካባቢያችን ያለው የማና ወይም የጎማ ገበሬ የሚበላው የራሱን ማሳ እህል ነው። መሬት በገበያ ዋጋ አይዞርም። ነጋዴው የሚንቀሳቀሰው በንጉሡ ፈቃድና በነጋድራሱ ዓይን ሥር ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምኒልክ ግብር እየገበሩ ግዛታቸውን ያቆዩት በዋጋ ውድድር አይደለም፤ በፖለቲካ ነው። ካርል ፖላኒ የሚባለውም ምሁር የሚለው ይህንኑ ነው። የገበያ ቦታ መኖሩና ኑሮ በገበያ መመራቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኔ ለማን እፈርዳለሁ? እንደ ቦታው ነው። የገሊላን ምሳሌዎች ሳነብ ፊንሊ ያሳምነኛል። እዚያ ያለው ባለመሬት፣ ባለዕዳ፣ መጋቢና የቀን ሠራተኛ ነው። ቆሮንቶስ ስደርስ ቴሚን ያሸንፋል። ቆሮንቶስ በሁለት ወደብ መካከል ያለች የንግድ ከተማ ናት። ጳውሎስ እዚያ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ኖሯል። ሮሜ 16 ላይ የከተማው መጋቢ የሆነው ኤርስጦስ ሰላምታ ይልካል። በ1929 እ.ኤ.አ. እዚያው ቆሮንቶስ ውስጥ ኤርስጦስ የሚባል ሹም በራሱ ወጪ አደባባይ ማስነጠፉን የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል። ሰውየው ያው ነው አይደለም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በዚያው ከተማ ማኅበር ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል ብሎ ጳውሎስ ተቆጥቷል። ባለሥልጣንም ረሀብተኛም አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዲህ የኢየሩሳሌምን ሣጥን፣ የገሊላን እርሻና የቆሮንቶስን ወደብ በአንድ ስም ጠቅልሎ «ሥርዓታቸው ይህ ነበር» ማለት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ከሁሉ ያሳዘነኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች የጠቀሱት የውጭ ሰው የተረጎመውንና የውጭ ሰው ያብራራውን ብቻ ነው። በእኛው ቤት ያለውን ረሱት።

ዲዳኬ የሚባለውን የሐዋርያት ትምህርት እንውሰድ። በአንደኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈ ነው። የግሪክኛውን ቅጂ ፊሎቴዎስ ብርዬንዮስ በ1873 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ ውስጥ አገኘው። በ1056 እ.ኤ.አ. የተገለበጠ መጽሐፍ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ሲታተም የአውሮፓ ሊቃውንት ጉድ አሉ። ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ እንግዳ፣ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ የሚናገረው ክፍል በግዕዝ፣ ሲኖዶስ በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ መጽሐፋችን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ምን ይላል? መንገደኛ ሲመጣ ተቀበሉት፣ ርዱት። ሁለት ቀን፣ ግድ ከሆነም ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከእናንተ ጋር መኖር ከፈለገና ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ። ሙያ ከሌለው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ እናንተ መላ ፈልጉለት። ይህን እምቢ ካለ በክርስቶስ ስም የሚነግድ ነውና ተጠንቀቁት። ነቢይ ነኝ ብሎ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቅም ሐሰተኛ ነው። ለሌላ ችግረኛ ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት።

ይህ የድርጅት መተዳደሪያ ደንብ ነው። እንግዳ ተቀባይነት አለ፤ ገደብም አለ። ርዳታ አለ፤ የሥራ ግዴታም አለ። ከዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፣ ለማን እንደምትሰጥ እስክታውቅ ምጽዋትህን እጅህ እስኪያልበው ድረስ ያዘው የሚል ቃል አለ። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ ከወንድምህ ጋር ሁሉን ተካፈል፣ የግሌ ነው አትበል ይላል። ሶሻሊስቱም ካፒታሊስቱም የየራሱን መስመር ይነጥቃል። ሁለቱንም መስመር የጻፈው ግን አንድ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው ሣጥን ይዞ፣ ተታልሎ፣ ደግሞም ደጁን መዝጋት ያልፈለገ ሰው ነው።

የሄርማም መጽሐፍ አለ። በሁለተኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ራሱ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ሰው ነበር። የግሪክኛው ቅጂ እስከ መጨረሻው ሙሉ ሆኖ አልተገኘም። ግዕዙ ግን ከሀገራችን ገዳም ተገኝቶ አንቷን ዳባዲ በ1860 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እዚያ ውስጥ ሀብታሙን ፍሬ በማያፈራ ዛፍ፣ ድሃውን በወይን ሐረግ ይመስላቸዋል። ሐረጉ ዛፉ ላይ ካልወጣ ፍሬው መሬት ላይ ይበሰብሳል። ዛፉም ያለ ሐረጉ ፍሬ የለውም። ደስ የሚል ምሳሌ ነው። እኔ ግን ብዙም አልተመቸኝም። ሀብታሙ ሀብታም፣ ድሃው ድሃ ሆነው እንዲኖሩ የሚያስታርቅ ይመስላል። ከዚህ ይልቅ መጽሐፈ ሄኖክ ያረካኛል። ምዕራፍ 94 ላይ በሀብታችሁ የታመናችሁ ባለጠጎች ወዮላችሁ ይላል። ምዕራፍ 97 ላይ በግፍ ወርቅና ብር ያከማቹትን ይገሥጻል። መጽሐፉን ሙሉውን ያቆየው ግዕዝ ብቻ መሆኑን ልጆቻችን እንኳን ያውቃሉ። ግን ስለ ኢኮኖሚ ስንከራከር የሚያነሳው የለም።

ቁጥር ለሚወዱ ዮሐንስ አፈወርቅ አለላቸው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ውስጥ ሲሰብክ ከከተማው ሕዝብ አንድ አሥረኛው ሀብታም፣ አንድ አሥረኛው ምንም የሌለው ድሃ፣ የቀረው መካከለኛ ነው ብሏል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ገቢዋ ከአንድ ሀብታም ገቢ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ መዝገብ ላይ የሰፈሩ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን እንደምትመግብ ይናገራል። አንድ አሥረኛው የሰባኪ ድፍን ቁጥር ነው፤ የታሪክ ምሁራን ግን ሌላ ስለሌላቸው ይጠቀሙበታል። 3,000ው ላይ ግን እተማመናለሁ። መዝገብ አለ ብሏልና።

ወደ ሂርማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ራእይ 18 ላይ ለባቢሎን የሚያለቅሱ ነጋዴዎች የጭነት ዝርዝር አለ። በወርቅና በብር ይጀምራል። ዕንቁ፣ ሐር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቀረፋ፣ ዘይት፣ ስንዴ፣ ከብት፣ ፈረስ እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ባሪያዎች፣ የሰዎች ነፍሳት ይላል። ያ ዝርዝር ከሂርማታ ገበያ ዝርዝር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ሳስብ ይዘገንነኛል። እኛ ጋ ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። እናቴ ተወልዳ ነበር። ሶሻሊስት ነበሩ፣ ካፒታሊስት ነበሩ የምንላቸው እነዚያ ማኅበሮች ውስጥ ባሪያም ባለባሪያም አብረው ይቀመጡ ነበር። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱም አላነሳውም። የማርያም ቤት በር ሲንኳኳ የወጣችው ሮዴስ ምንድን ነበረች? ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ ባሪያው አናሲሞስ ሲጽፍ ባርነት ይቅር አላለም። ከባሪያ በላይ፣ እንደ ወንድም አድርገህ ተቀበለው አለ። ቀጥሎ የሚለው የሒሳብ ሰው ቋንቋ ነው። የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቁጠረው፤ እኔ ጳውሎስ በእጄ ጽፌአለሁ፣ እኔ እከፍላለሁ። ይህ በፊርማ የተረጋገጠ የዋስትና ሰነድ ነው። የጥንት ክርስቲያኖች በኢኮኖሚው ላይ ያደረጉት ነገር እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ሥርዓቱን አልናዱትም፤ የሰውን ዕዳ ግን በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። ይበቃ ነበር ወይ? አይመስለኝም። ያ የገበያ ዝርዝር ከራእይ ወዲያ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቷል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ክርክሩን አታቁሙት። የሚቀጥለው ጸሐፊ ግን የሐዋርያት ሥራ 2ን ሲጠቅስ 5፣ 6 እና 12ንም ይጨምር። መክሊትን ሲያነሳ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ አብሮ ያስላ። የየትኛው ከተማ፣ የየትኛው ዘመን ነገር እንደሆነ ይጻፍ። እናንተም የግዕዙን ሲኖዶስ የሚያነብ ሊቅ ፈልጋችሁ ያንን የእንግዳ ክፍል በአማርኛ አትሙልን። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ እየተሻሻለ ነው። ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚመዘገብ አባል ስንት ጊዜ ይጠብቅ በሚለው ላይ አልተስማማንም። ጋዜጣው ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት ጅማ ከደረሰ ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ገንዘብ ያዥ፣ ከጅማ